ስለ አንዲት ጠብታና ስለ አንዲት አያት ስም

ለክቡር ዶክተር ሌስተር ዊንሶር
የቦኔት ቤይ አውራጃ የሕፃናት ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ተዘጋ መዝገብ፣ ስለ ተለጠፈ ሥዕል እና ስለ ብዙ ምስጋና

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና የተከበሩ ባለቤትዎን ወገብዎን ሳይቆረጥምዎ፣ እንቅልፍዎ ሳይዛነፍ፣ የቢሮዎም ማሞቂያ ሳይበላሽ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የስኪፐርስ አርም ነዋሪዎች ጭጋጉ ሦስተኛ ሳምንቱን ከመያዙ በቀር ደህና ነን። ልጄ ኤፊም ደህና ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ግልባጩ የሚደርሰው የሳምንታዊ ጋዜጣችን አንባቢ እስከ መጨረሻው ልቡ ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ ብዬ ነው፤ ሰባት ወሯ ነው፣ ትስቃለች፣ ኩላሊቷም እስከሚቀጥለው ምርመራ ድረስ ጤነኛ ነው ተብሏል።

ስሜ ጆስሊን ክሉዌት ይባላል። ጽሕፈት ቤትዎ አሳምሮ ያውቀኛል። የክሊኒካችን ደረጃ በተሰበረ ጊዜ ሦስት፣ ነርሷ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ትምጣ በተባለ ጊዜ ሁለት፣ በመጠበቂያው ክፍል ስለቆመው የግድግዳ ሰዓት ደግሞ አንድ ደብዳቤ የጻፍኩልዎ እኔ ነኝ። በመንደራችን ቅሬታ ያለው ሰው እስክሪብቶና ወረቀት አይፈልግም፤ እኔን ነው የሚፈልገው። እንጀራዬም ከዚሁ ብዙ የራቀ አይደለም፤ በሸርጣን ማሸጊያው ፋብሪካ የየካርቶኑን መለያ ጽሑፍ አንብቤ፣ ክብደቱ ወይም ቀኑ ካልተጣጣመ መስመሩን አስቁሜ የምመልስ ተቆጣጣሪ ነኝ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ያላነበብኩት መለያ ከእጄ አላለፈም። በዚህም እኮራ ነበር።

ዛሬ የምጽፍልዎ ጽሕፈት ቤትዎ ልጄ የታመመችበትን ምክንያት መርምሮ፣ ጥፋተኛዋን ለይቶ፣ መዝገቡን ስለዘጋ ነው። በመዝገቡ ጥፋተኛ ተብለው የተጻፉት የባለቤቴ እናት፣ የሰባ አራት ዓመቷ ድሩሲላ ክሉዌት፣ መንደሩ በሙሉ ናን ድሩ፣ ማለትም አያት ድሩ፣ የሚላቸው ሴት ናቸው። ጥፋተኛዋ ግን እሳቸው አይደሉም። ይህን የምለው በግምት ሳይሆን በማስረጃ ነው፤ ወደ ማስረጃው ከመድረሴ በፊት ግን ለጽሕፈት ቤትዎ የሚገባውን ምስጋና በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ምርጫው።

ባለፈው ኦክቶበር ኤፊን ወልጄ ከሆስፒታል ስወጣ «ጥቂት ፀሐይ፣ በየቀኑ» የሚል በራሪ ወረቀትዎ ተሰጠኝ። ሽፋኑ ላይ ባርኔጣ የደፋች ሕፃን በጠራራ ፀሐይ አሸዋ ላይ ተቀምጣለች። ከኖቬምበር እስከ ማርች ፀሐይን እንደ ሩቅ ዘመድ ለምናያት ለእኛ ይህ ሥዕል የሰጠንን ደስታ በቃላት መግለጽ ይከብደኛል። ወረቀቱ ጡት የሚጠባ ሕፃን ቫይታሚን ዲ በየቀኑ ሊሰጠው እንደሚገባ ገልጾ፣ ወላጆች «ተስማሚውን» እንዲመርጡ በትሕትና ያሳስባል።

ፋርማሲ ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ አሥራ አራት ዓይነት ብልቃጥ ተደርድሯል። ባለ ቼሪ ጣዕም አለ፤ ባለ እንጆሪ አለ፤ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ቫይታሚን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ አለ፤ ብረት የተጨመረበት አለ፤ ለአእምሮ እድገት የሚል አለ፤ ሌላው ለተረጋጋ እንቅልፍ ይላል፤ እሱን ለራሴ ልገዛው ቃጥቶኝ ነበር። «ተስማሚው» የሚል ግን አልነበረም። እኔም እንደ ልማዴ ሠንጠረዥ ሠርቼ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ። ሦስት ሳምንት በባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫ፣ ሦስት ሳምንት ቤት የሚውለው ባለቤቴ ካልቪን፣ ሠንጠረዡን አይቶ «ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ትመርጪያለሽ እንዴ?» አለኝ። ናን ድሩ ደግሞ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች ካነበቡት በኋላ «እኛ ሰባት ስናሳድግ ምርጫው ሁለት ነበር፤ መዋጥ ወይም መዋጥ» አሉ።

መጀመሪያ ባለ ቼሪውን ገዛሁ። ራሱ ጎማ የሆነ የመስታወት መንጠብጠቢያ አለው፤ እስከ ጥቁሩ መስመር ሞልተው በልጁ ጉንጭ በኩል ያንቆረቁሩታል። ሦስት ወር በሰላም አለፈ። ከዚያ በጃንዋሪ አንዲት እናት ቀለምና ስኳር የገባበትን ነገር ለሕፃን መስጠት ጭካኔ ነው ብላ የጻፈችውን አነበብኩ። ያን ቀን ባለ ቼሪውን ሳይ ልጄን ስመርዛት የኖርኩ መሰለኝ። በማግሥቱ ከመደርደሪያው እጅግ ንጹሕ የተባለውን፣ ቀለምም ስኳርም ጣዕምም የሌለውን፣ አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ ይዤ ተመለስኩ። ባለቤቴ በስልክ «አንብበሽዋል አይደል?» ሲለኝ «ማንን መሰልኩህ?» አልኩት።

ሁለተኛ፤ ስለ ስልክ አማካሪዎ።

በራሪ ወረቀትዎ ስለ መጠኑ የብልቃጡን ጽሑፍ ይመልከቱ ይላል። የብልቃጡ ጽሑፍ የጤና ባለሙያ ያማክሩ ይላል። እኔም ታዛዥ ዜጋ ነኝና ለጽሕፈት ቤትዎ ነፃ የምክር መስመር ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ላሰሙኝ የአኮርዲዮን ሙዚቃ እጅ እነሣለሁ። በመጨረሻ ሜቪስ የምትባል፣ ድምፅዋ እንደ እናት የሚያባብል ነርስ አነሣች።

«ብልቃጥ ቀይሬ ነበር፤ መጠኑ ያው ነው ወይ ልል ነው» አልኳት።

«ችግር የለም የኔ ፍቅር፣ ጠብታዋን በየቀኑ አትርሺባት እንጂ።»

«ጠብታው ስንት ነው?»

«ጠብታ ነዋ! ጠብታ ስንት ይሆናል ታዲያ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ሜቪስም የእኛው ልጅ ናት፤ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ነው የተወለደችው። ጽሕፈት ቤትዎ ያልተረዳው ነገር ካለ እዚህ ላይ ነውና ላስረዳ። በእኛ ዘንድ ማንም ሰው «አንድ ኩባያ ሻይ ስጪኝ» አይልም፤ «ጠብታ ሻይ» ነው የሚለው። የሚቀርብለትም እስከ አፉ የሞላ ትልቅ ኩባያ ነው። የባለቤቴ አጎት ጋርላንድ «ጠብታ የሩም አረቄ ቀመስኩ» ባለ ማግሥት እሱ ጀልባው ውስጥ፣ ጀልባዋ ደግሞ የጎረቤት ድንች ማሳ ውስጥ ተገኝተዋል። ጠብታ በእኛ አፍ መጠን አይደለም፤ የሚበቃውን ያህል ማለት ነው። ሜቪስና እኔ ስለዚች ቃል በስልክ ተሳስቀን፣ ተመራርቀን ተለያየን።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር፤ ማስታወሱ ስለሚከብደኝ ነው። በፌብሩዋሪ አጋማሽ ኤፊ ጡት አልጠባም ብላ አስቸገረችኝ። ሆዷ ደረቀ፤ ቀጥሎ ያስመልሳት ጀመር። ታለቅስ የነበረችው ልጅ ማልቀስ ተወች፤ ያ ነው ያስደነገጠኝ። በሳምንቱ መጨረሻ ራሷን ቀና ማድረግ አቃታት፤ ክንዴ ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ዘንበል አለች። ካልቪን ባሕር ላይ ነበር። በአምቡላንሱ ሁለት ሰዓት ሙሉ አብረውኝ የተጓዙት ናን ድሩ ናቸው፤ የልጂቱን እግር በሁለት እጃቸው ይዘው ያወሯት ነበር። ምን እንዳሏት አልሰማሁም።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ የደሙን ውጤት ይዛ መጣች። በደሟ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ዲ ከልክ እጅግ ያለፈ መሆኑን፣ በዚህም ምክንያት ካልሲየሟ ከፍ ብሎ ኩላሊቷን እየነካው መሆኑን ነገረችን። ከዚያ «ለልጂቱ ምን ምን ስትሰጧት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ናን ድሩ ከተቀመጡበት ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለምን እንዳወለቁት አላውቅም። «እኔ ነኝ» አሉ። «የዓሣ ዘይት ሰጥቻታለሁ። እሑድ እሑድ፣ ጠብታ። እኔ ነኝ።»

ናን ድሩ በየመከር ወቅቱ የኮድ ዓሣ ጉበት ራሳቸው አቅልጠው፣ በማርማላታ ማሰሮ ሞልተው ያስቀምጣሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የትንሿን ጣታቸውን ጫፍ ነክረው የኤፊን ከንፈር ይነካሉ። «ለአጥንቷ» ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው «ለነፍሷም» ይላሉ። እኔ ፊቴን አጨማድጄ አየዋለሁ። ይህ የሆነው ሰባት እሑድ ነው፤ ሰባት ጊዜ የጣት ጫፍ።

ሦስተኛ፤ ስለ ጉዳይ አጣሪዎ።

ኤፊ ዘጠኝ ቀን ግሉኮስ ተሰክቶላት፣ ክብደቷ ቀንሶ፣ ግን በሕይወት ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ አቶ ኔቪል ግሬንጀርን ስለላኩልን ከፍ ያለ ምስጋናዬ ይድረስዎ። አቶ ግሬንጀር ከዋናው ምድር የመጡ፣ የተማሩ፣ ጫማቸው የማያፈስ ሰው ናቸው። የአካባቢን ባህል ስለ ማክበር የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው ስለ ነበር ሲናገሩ ዓይናቸውን ትንሽ ጨፈን ያደርጋሉ።

ወደ ናን ድሩ ቤት የሄዱት እኔ ባለሁበት ነው። ናን ድሩ ጥፋተኛ ነኝ ብለው ያመኑ ሰው ቢሆኑም እንግዳ ግን እንግዳ ነው።

«ጠብታ ሻይ ልቅዳልህ ልጄ?»

«ጠብታ ብቻ፣ አመሰግናለሁ» አሉ አቶ ግሬንጀር።

የቀረበላቸውን መቼም ይገምታሉ። ኩባያው ከፊታቸው የሚሰፋ ነበር፤ የቆርቆሮ ወተቱም ከአፉ ሊፈስ ደርሷል። ሞላሰስ የተቀባ ዳቦ ተከተለ። ያንን ሳይጨርሱ «አንዲት ጠብታ ልጨምርልህ፣ ከስተሃል» ተባሉ። በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ አራት ጠብታ ጠጥተው፣ ሁለት ጊዜ የመጸዳጃ ቤቱን መንገድ ጠይቀው፣ ማስታወሻቸውን ሞልተው ሄዱ።

ሪፖርቱ በኤፕሪል ደረሰን። ገጽ ስድስትን ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አሳምሬ መጻፍ አልችልምና፦ «በአካባቢው ልማዳዊ አነጋገር “ጠብታ” የሚለው ቃል ከመለኪያነት ይልቅ የደግነት መግለጫ ሲሆን፣ በመስክ ምልከታ እንደተረጋገጠው ከሦስት መቶ ሚሊ ሊትር የማያንስ ፈሳሽን ያመለክታል። ስለሆነም አያቲቱ “ጠብታ ሰጠሁ” ማለታቸው በባህላዊ አገባቡ ሊተረጎም ይገባል።» ቀጥሎ ባለው አንቀጽ ስለ እኔ የተጻፈው ደግሞ ይኸውልዎ፦ «እናቲቱ መለያ ማንበብ ሙያቸው የሆነ ግለሰብ በመሆናቸው፣ በቀን ጠብታ ሰጠሁ ሲሉ አንድ ጠብታ ማለታቸው ነው።»

ክቡር ሆይ፣ አንድ ቃል ከሁለት ሴቶች አፍ ወጣ። ከአሮጊቷ አፍ ሲወጣ ባልዲ ሆነ፤ ከወጣቷ አፍ ሲወጣ ጠብታ ሆኖ ቀረ። ጽሕፈት ቤትዎ በዚች ቃል ላይ ያሳየው የትርጉም ችሎታ ቢታተም ይበጃል።

አራተኛ፤ ስለ ሥዕሉ።

ሪፖርቱ ናን ድሩ ከሕፃኗ ጋር ብቻቸውን እንዳይሆኑ መከረ። ይህ ሳይበቃ፣ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ጽሕፈት ቤትዎ ባለ ቀለም ሥዕል አሳትሞ በፖስታ ቤቱ፣ በሱቁና በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለጥፏል። ሽበታም አሮጊት፣ አበባ ያለበት ሽርጥ የታጠቀች፣ አካፋ የሚያህል ማንኪያ ይዛ ትታያለች። ከላይ «አያቶች ሆይ፣ ማንኪያውን አስቀምጡ!» ይላል። የናን ድሩ ስም አልተጻፈበትም፤ ለዚህ ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። በመቶ ሠላሳ ሰው መንደር ውስጥ አበባ ያለበት ሽርጥ የምትታጠቅ፣ የልጅ ልጇ በቅርቡ በአምቡላንስ የተወሰደች አሮጊት ማን እንደ ሆነች የሚጠፋው ሰው የለም እንጂ።

በሱቁ ሽማግሌው ኢላይ ፓርዲ ናን ድሩን ሲያይ «ድሩ፣ ሥዕልሽን አየሁት እኮ! ለምርጫ ልትወዳደሪ ነው እንዴ?» አላቸው። ሰው ሳቀ። ናን ድሩም ሳቁ። ከዚያ የመጡበትን ዱቄት ሳይገዙ ወጡ። ኢላይ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዱቄቱን ማታ ራሱ ተሸክሞ አደረሰላቸው፣ በሩን ግን አልከፈቱለትም።

የዘይት ማሰሮአቸውን ከጀልባ መቆሚያው ላይ ሆነው ባሕር ውስጥ ደፉት። ቤቴ ሲመጡ ከበሩ አያልፉም፤ እጃቸውን ሱቅ እንደ ገባ ልጅ ወደ ኋላ አጣምረው ኤፊን ከሩቅ ያይዋታል። ኤፊ እጇን ትዘረጋላቸዋለች። አንድ ቀን «ያዟት እንጂ» አልኳቸው። «እጄ አይታመንም» አሉኝ። እኔም ሰማሁ፤ ድንች መላጤን ቀጠልኩ።

አምስተኛ።

ይህ ቁጥር እርስዎን አይመለከትም። ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው።

በሆስፒታሉ ናን ድሩ ተነሥተው «እኔ ነኝ» እንዳሉ ጽፌልዎታለሁ። በዚያች ሰዓት እኔ በእጄ ምን እንደያዝኩ ግን አልጻፍኩም። ሐኪሟ ስትጠይቅ ብልቃጧን ከቦርሳዬ አውጥቼ ላሳያት ነበር። ስወጣ ስገባ የያዝኳትን ያቺን አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኳት። «በቀን 1 ጠብታ። ይህ ብልቃጥ ለአንድ ዓመት ይበቃል» ይላል።

እኔ በሰባት ሳምንት አምስት ብልቃጥ ጨርሻለሁ።

አዲሱ ብልቃጥ መንጠብጠቢያ አልነበረውም፤ አፉ ላይ አንድ ቀጭን ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፣ ሲደፉት አንዲት እውነተኛ ጠብታ ታንጠለጥልና ትወድቃለች። ይህ ለእኔ ጉድለት መሰለኝ። ስለዚህ የባለ ቼሪውን መንጠብጠቢያ በፈላ ውኃ አጥቤ፣ እንደ ለመድኩት እስከ ጥቁሩ መስመር እየሞላሁ ሰጠኋት። የባለ ቼሪው ሙሉ መንጠብጠቢያና የአዲሱ አንድ ጠብታ በያዙት ቫይታሚን እኩል ናቸው። ስለዚህ ልጄን በየቀኑ ከአንድ ወር በላይ የሚበቃ ነገር ነው ያጠጣኋት። ብልቃጡ በአሥር ቀን ሲያልቅብኝ ምን እንዳደረግኩ ልንገርዎ? ለአምራቹ የቅሬታ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ብልቃጣችሁ ከማነሱ የተነሣ በአሥር ቀን ያልቃል፤ ይህ እናቶችን መዝረፍ ነው» አልኩ፤ ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ስለ መጣልኝም ተደስቼ ነበር። «ለታማኝ ደንበኛችን» የሚል የቅናሽ ወረቀት ላኩልኝ። በእሱ አራተኛውን ገዛሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔን ለመሰለች ሴት ነው።

ያን ብልቃጥ ስገዛ በውስጡ የሌለውን ሁሉ አንብቤ ነበር። ቀለም የለውም፣ ስኳር የለውም፣ ስንዴ የለውም፣ አኩሪ አተር የለውም፤ አሥራ አራት መስመር ሙሉ የሌለው ነገር ተዘርዝሯል፤ አንዱንም አላለፍኩም። ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚናገረው መስመር ከሥር ነበር። እሱ ጋ ስደርስ የምፈልገውን አግኝቼ ጨርሼ ነበር። እኔ የፈለግኩት ንጹሕ እናት መሆን ነበር።

አሁን ለመጻፍ ወደሚያሳፍረኝ ቦታ ደረስኩ። ናን ድሩ «እኔ ነኝ» ሲሉ እኔ እፎይ አልኩ። አዘንኩ አላልኩዎትም፣ ደነገጥኩ አላልኩዎትም፤ እፎይ አልኩ። ልጄን ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ «ማንን መሰልኩህ?» ያልኩት ባሌ ምን ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ በፋብሪካው ሰው ምን ይላል ብዬም ጭምር፤ ልጄ አልጋ ላይ ተዘርራ ስለ ፋብሪካው ማሰቤን እግዜር ይየው። ብልቃጧን ወደ ቦርሳዬ መለስኳት። በኋላ አቶ ግሬንጀር ብልቃጡን ሲጠይቁኝ ብልቃጡን ሰጠኋቸው፤ መንጠብጠቢያው ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ስለ እሱ አልጠየቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ስንት ብልቃጥ እንደ ገዛሁም አልጠየቁም። «በቀን ስንት ሰጡ?» ሲሉኝ «ጠብታ» አልኩ። በእኛ አፍ እውነት ነው። መዋሸት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ቃሉ ዋሸልኝ።

በመንደሩ ሁሉ አንደኛ ሻይ ቀጂ የሆኑት ናን ድሩ በሕይወታቸው አንዴ እውነተኛ ጠብታ ሰጡ፤ ያቺም ጥፋት ሆና ተጻፈችባቸው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። መዝገቡ ይከፈት፤ በናን ድሩ ስም ቦታ የእኔ ስም ይግባ። የሚያስከትለውን አውቃለሁ፤ ነርስ በየሳምንቱ ቤቴን ትጎበኛለች፣ ከልጄም ጋር ብቻዬን እንዳልሆን ይመከር ይሆናል። ለአሮጊቷ የተገባ ከሆነ ለእኔም ይገባኛል። መንጠብጠቢያውን በዚህ ደብዳቤ አባሪ አድርጌ ልኬያለሁ፤ አላጠብኩትም። ሥዕሉ ከሦስቱም ቦታ ይነሣ። የአሳታሚ ወጪ እንዳይባክን በምትኩ የሚለጠፍ የእኔን ፎቶግራፍ ከነፋብሪካው ቆብ አያይዣለሁ፤ ጽሑፉንም «ሁሉን የምታውቁ እናቶች ሆይ፣ ታችኛውን መስመር አንብቡ!» ብዬ አዘጋጅቼዋለሁ። ለስልክ አማካሪዎችዎም አንድ ጥያቄ ያስተምሯቸው፤ ሴትዮዋ «ጠብታ» ስትል «በእጅሽ የያዝሽው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቋት። ሜቪስ ይህን ጠይቃኝ ቢሆን ያኔውኑ ሳይቃጠል በቅጠል ይሆን ነበር። በዚህ ሜቪስን እንዳይቀጧት እለምናለሁ፤ ጥሩ ሴት ናት፣ የሳቅኩትም እኔ ነኝ።

ለካልቪን ትናንት በስልክ ሁሉንም ነገርኩት። የባሕሩ ነፋስ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «እናቴ ታውቃለች?» አለኝ። አያውቁም አልኩት። «እንግዲያ ስልኩን ዝጊና ሂጂ» አለኝ።

ለጽሕፈት ቤትዎ ትጋት፣ ለአቶ ግሬንጀር ሆድ ስፋት፣ ለሥዕሉም ውበት በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ የክቡርነትዎን መልካም ፈቃድ በጉጉት የምጠባበቅ፣

የመለያ ጽሑፍ ተቆጣጣሪ፣ የአምስት ብልቃጥ ታማኝ ደንበኛ፣ የሁሉን ሰው ስሕተት አራሚ፣
ዝቅተኛ አገልጋይዎ
ጆስሊን ክሉዌት
ስኪፐርስ አርም፣ ሜይ 9

ግልባጭ፦
ለሳምንታዊው ጋዜጣችን፣
ለፖስታ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ሥዕሉ ባለበት ቦታ፣
ለኢላይ ፓርዲ፣ በአደባባይ ያነብበው ዘንድ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ዛሬ ጠዋት ናን ድሩ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ይቅር አሉኝ ብዬ ብጽፍልዎ መዝገብዎ ያምርልዎ ነበር፤ አላሉኝም። አልሰደቡኝምም። አቶ ግሬንጀር በአራት ኩባያ ሻይ ያልጠየቁኝን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው?» ሰባ አንድ ቀን አልኳቸው። ካፖርታቸውን ደረቡ፤ ቤቴ መጡ፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ ኤፊን ከአልጋዋ አንሥተው ታቀፉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አላስቀመጧትም። ቅድም እጄን ስዘረጋ ቀና ብለው ሳያዩኝ «ቆዪ፤ አንቺ ሰባ አንድ ቀን ይዘሻታል» አሉኝ። ቆሜ እየጠበቅኩ ነው።